የጋሽ አይነኬ ሳሎን

ሰፈራችን ውስጥ የሶፋ ሠሪውን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ለሁላችንም ጋሽ አይነኬ ነው። ስሙን ያወጡለት የመንደሩ ልጆች ናቸው። ደጃፉ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ትንሽ ጠጋ ካሉ ከውስጥ «እንዳትነኩ፣ የሰው ነው» የሚል ድምፅ ይመጣል። ኳሱ ባይነካም ይመጣል። ልጆቹ አድገው የራሳቸውን ሶፋ ሊያሠሩ ሲመጡ እንኳ በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ እያዩ ነው የሚገቡት።

እኔ የሶፋ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እሱ እንጨቱን ይገጣጥማል፣ ሞላውን ይወጥራል፣ ስፖንጁን ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ጨርቁን ለክቼ እሰፋለሁ። አብረን ስንሠራ ፀጉራችን ሸብቷል፤ የኔን ቀለም ስለምቀባው አታዩትም እንጂ። ከቤቱ አጠገብ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ የሱን ነገር ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ያርመኝ።

ጋሽ አይነኬ አንድ የማይሻር ሕግ አለው። የሠራው ሶፋ ላይ አይቀመጥም፤ ማንንም አያስቀምጥም። መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት ያዘዘው ሰው ነው ባይ ነው። ታዲያ ምቾቱን በምን ያውቃል? ስፖንጁን በክርኑ ይጫነዋል፣ ሞላውን በቡጢው መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ ታውቁ የለ፣ እንደዚያ ነው። አለቀ ሲል በላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ላስቲክ የሚቀደው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ስናስረክብ ደግሞ ማየት ነበረባችሁ። ሶፋውን ቦታው ላይ ያደርግና ወደ በሩ ያፈገፍጋል፣ እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምራል። «ተቀመጡ፣ ሞክሩት» የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። ባለቤቱ ጠጋ ብሎ ላስቲኩን ይዞ ቸር አድርጎ ሲቀደው ነው ፊቱ የሚበራው። ይሄን ሁሉ ዘመን የለፋው ያቺን የመቀደድ ድምፅ ለመስማት ይመስለኛል። እኔ እንኳን ተቀምጬ ውኃ እጠጣለሁ፣ ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ። እሱ እንደቆመ መጥቶ እንደቆመ ይሄዳል። በዚህ ከተማ ስንት ሳሎን አሳምሯል፤ አንዱም ውስጥ ወገቡን አላሳረፈም።

የራሱ ሳሎን? የለውም ማለት ይቀላል። ቤቱ ከሥራ ቤቱ ጀርባ የተያያዘ ነው። ሥራ ቤቱ የእንጨት ብናኝና ማስቲሽ ስለሆነ ያለቀውን ሶፋ ሁሉ ወደ ሳሎኑ ያስገባዋል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሚስቱና አንዲት ልጁ ከሳሎኑ እስከ ጓዳ በቀጭን መተላለፊያ በጎን በጎን እያለፉ ነው የኖሩት። ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር። ጨርቅ መንካት ካማራት በእጇ ጀርባ እንድትነካ አስተምሯታል፤ መዳፍ ያቆሽሻላ። ገና አፏን በወጉ ሳትፈታ «እንዳትነኩ፣ የሰው ነው» ማለት ትችል ነበር። እኛ ያን ጊዜ እንስቅ ነበር።

ሚስቱ እንግዳ ሲመጣባት አልጋ ጫፍ ላይ ነበር የምታስቀምጠው። ታፍራለች። የሶፋ ሠሪ ሚስት ሆኜ እንግዳዬን አልጋ ላይ አስቀምጣለሁ ስትለኝ ሰምቻታለሁ። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ ሶፋ ብቻ እንዲሠራላት ትጠይቀው ነበር። እሱም ይቺን ትዕዛዝ ላስረክብና ይላታል። አልዋሸም፤ ከልቡ ነበር የሚላት። ትዕዛዝ ግን አያልቅም። እሷ አለቀች።

የሞተች ለት ሳሎኑ ለአንድ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ቤት በተሠሩ ሶፋዎች ግጥም ብሎ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ግቢው ውስጥ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያካፋም ነበር። ልጅቷ መጣችና ለዛሬ ብቻ የሁለቱን ላስቲክ እናንሳና ትልልቆቹ ሰዎች ወደ ውስጥ ይግቡ አለችው። እሱ ዓይኖቹ አብጠው፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ «የሰው ነው ልጄ» አላት። ሳሎኑ ውስጥ ገብታ በሶፋዎቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መደገፊያውን እንኳ አልተደገፈችም። አንጀቴን በላችኝ፤ እሱ ላይ ደግሞ ደሜ ፈላ። ግን ሚስቱን የቀበረ ሰው ላይ ይጮኻል? ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ መምጣት አቆመች። ነርስ ናት፣ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። አልተጣሉም። ትደውላለች፣ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ትለዋለች፣ እሱም አዎ ይላታል፣ ስልኩ ይዘጋል። እሱ ደግሞ መቼ ትመጫለሽ ብሎ መጠየቅ ያፍራል። ሲመሽ ሥራ ቤቱን ዘግቶ ጓዳ በምትገኘው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ሬዲዮ ይከፍታል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሬዲዮው ሲያወራ እሰማለሁ። እሱ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም፤ ከማን ጋር ያውራ።

አንድ ቀን ግን ደፈረና ጠየቃት። ሳቅ ብላ፣ «እመጣ ነበር አባዬ፤ ግን ቤታችን መቀመጫ የለውም እኮ» አለችው። በነጋታው ሥራ ቤት ስገባ ፊቱን ተላጭቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ጠበቀኝ።

«ትዕዛዝ አለን» አለኝ።

የማን ብዬ ጠየቅኩት። የልጄ አለኝ። በስልክ ያለችውን ነገረኝና መቀመጫ አዘዘች አለኝ። እኔ እንኳን የሰማሁት ወቀሳ ነበር፤ እሱ የሰማው ትዕዛዝ ነው። የሚሰማው ቋንቋ ያ ብቻ ነው። አላረምኩትም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሳሎኑን አጸዳው። ያለቁትን ሶፋዎች ለባለቤቶቻቸው እያጣደፈ አስረከበ፤ አዲስ የመጣ ደንበኛን ደግሞ ትንሽ ታገሱኝ አለ። ጋሽ አይነኬ ታገሱኝ አለ ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። ክፍሉ ባዶውን ሲቀር ለመጀመሪያ ጊዜ ወለሉን አየሁት። ግድግዳው ላይ ለዓመታት የተደገፉት ሶፋዎች ጥቁር ጥቁር መስመር አስምረውበታል። ቀለም ቀባው። መስኮቱን የከለለውን የድሮ ቁምሳጥን አስወጣው። ከዚያ ወንበሩን ወደየት ማዞር እንዳለበት ለማወቅ ጠዋትም ከሰዓትም እየገባ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ያይ ነበር።

ጭንቁ የመጣው ሊቆርጥ ሲል ነው። ደንበኛ ሲመጣ የማይጠይቀው ነገር የለም። ወገብዎን ያምዎታል ወይ፣ እግርዎን አጥፈው ነው የሚቀመጡት፣ ሶፋ ላይ ይተኛሉ ወይ፣ ምን ዓይነት ቀለም ይወዳሉ፤ ሰውየው የመጣው ለሶፋ ነው ለምርመራ እስኪባል። አሁን እርሳሱን ይዞ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ ምን ቀለም ነው የምትወደው?»

እኔ ከየት አውቃለሁ። ደውልና ጠይቃት አልኩት። ልጁ ምን እንደምትወድ የማያውቅ አባት መባልን ፈራ መሰለኝ፣ አልደወለም። በመጨረሻ ፎቶዋን አወጣን፤ ከእናቷ ጋር በር ላይ ቆማ፣ የወይራ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። ያንን ቀለም ይዤ ጨርቅ ስፈልግ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አግኝቼ ሳመጣለት ፎቶው ላይ አስጠግቶ አየና ደህና ነው አለ። እሱ ደህና ነው ካለ ደስ ብሎታል ማለት ነው።

ስለ አቀማመጧ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሆዷ ተኝታ ማንበቧን። ስለዚህ ባለ ሦስቱን ሲሠራ መቀመጫውን ከልክ በላይ ሰፊ አደረገው። አልጋ ሊያክል ምንም አልቀረው። ጋሼ፣ ልጅህ አሁን ትልቅ ሴት ናት፣ በሆዷ ትተኛለች ብለህ ነው ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ደክሟት ከሥራ ብትመጣስ አለኝ። እጅ ማስደገፊያውን ብርጭቆ እንዲያስቀምጥ ሰፋ አደረገው። የመሐል ጠረጴዛውን ማዕዘን አሽቶ አሽቶ ክብ አደረገው፤ ልጅ ሳለች በሰው ጠረጴዛ ማዕዘን ቅልጥሟ ሁሌ ይበልዝ ነበር። እኔ መጋረጃ ሰፋሁ፣ ትራሶቹን ሞላሁ። ምንጣፍ ገዛ። አባዡር ገዛ፤ ጋሽ አይነኬና አባዡር! ተሸክሞት በሰፈሩ ሲያልፍ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ አየው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጨቃጨቅን። ሁሉንም ወንበር ግድግዳው ላይ ሊደረድረው ነው። ለለመደው ለሰው ቤት ልክ ነው፤ ብዙ ሰው ይይዛል። እኔ ግን እዚህ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ቢሮ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተደርድረው ምን ሊያወሩ ነው አልኩት። ባለ አንዷን ወደ ትልቁ ሶፋ ዘወር አድርገን አጠጋናት፤ ጉልበት ለጉልበት እስኪገናኙ ድረስ። ቆሞ አየው። ይሄ ጥሩ ነው አለ። ባለ አንዷ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ስጠይቀው ግን ሄዶ በርጩማውን ከጓዳ አመጣና በሩ አጠገብ አስቀመጠው። እኔማ እዚህ እበቃለሁ አለ።

ሁሉም ሲያልቅ የእናቷን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ ሶፋዎቹን በላስቲክ ሸፈነና ዙሪያውን አሰረ። ያም አላስገረመኝም። ከእኛ እጅ የሚወጣ ሶፋ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚወጣው። ባለቤቷ መጥታ ትቀደዋለቻ።

ተሠርቷል አላላትም። ዝም ብሎ ነይ አላት። ፈቃድ አገኘችና ቅዳሜ ልትመጣ፣ ሁለት ሌሊት አድራ ልትመለስ ተስማሙ። እኔ አባትና ልጅ ይጫወቱ ብዬ ራሴን ዞር አደረግኩ፤ እህቴ ጋ ሄጄ አደርኩ። እንደዚያ ቀን ሥራ የበዛበት እግር አይቼ አላውቅም፤ ስሄድ በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው የተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ስመለስ ሥራ ቤቱ ክፍት ነው፣ እሱ የለም። ወደ ሳሎኑ ስገባ ተንበርክኮ አገኘሁት። ጉጠት ይዟል። ትልቁን ሶፋ በጎኑ ገልብጦ ከሥሩ ሚስማር እየነቀለ ነው። ላስቲኩ እንዳለ ነው፤ አልተቀደደም።

ምን እያደረግክ ነው ብዬ ጮህኩ። ቀና ሳይል «አልወደደችውም። አፈርሰዋለሁ» አለኝ።

ጉጠቱን ከእጁ ቀማሁና አስቀመጥኩት። በርጩማውን ከጓዳ አምጥቼ፣ እሱን አስቀምጬ ከሥር ከመሠረቱ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ቃል ከሱ ማውጣት ሚስማር ከመንቀል ይብሳል፤ ግን ቀስ በቀስ ነገረኝ።

መጣች። ሳማት። የሳሎኑን በር ከፈተላት፤ እሱ ደግሞ ወደ በሩ አፈግፍጎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ገባችና ቀጥ አለች። ሶፋውን ለረጅም ጊዜ አየችው። መጋረጃውን አየች፣ አባዡሩን አየች፣ የእናቷን ፎቶ አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ መደገፊያውን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። እሱ አሁን ትቀደዋለች፣ አሁን ትቀደዋለች እያለ ይጠብቃል። ዞር አለችና የማን ነው አለችው።

«እና ምን አልካት?»

«ትዕዛዝ ነው አልኳት።» ቀና ብሎ አየኝ። «ትዕዛዝ ነዋ!»

ያምራል፣ ባለቤቱ የታደለ ነው አለችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ ምንም እንዳትነካ በጎን በጎን እየተጠነቀቀች ወደ ጓዳ አለፈች። ማታ እዚያው ጓዳ ውስጥ ራት በሉ፤ እሷ ከሳሎኑ በር መልሶ ባመጣው በርጩማ ላይ፣ እሱ የተገለበጠ ሳጥን ላይ። በሩ ክፍት ስለነበር ሳሎኑ ይታያቸዋል፣ አባዡሩም በርቷል። መብራቱን አጥፋው እንጂ የሰው ዕቃ ነው አለችው። ተነስቶ አጠፋው። በእናቷ አልጋ ላይ ተኛች። ሁለት ሌሊት ያለችው አንድ ሆነ፤ እሁድ ጠዋት የሥራ ነገር መጣብኝ አለች። በሩ ላይ ሳመችውና አንተ መቼም አትለወጥም አባዬ አለችው። በክፉ አላለችም አለኝ። እንዲያውም እንባ ነበረባት።

ይሄን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ቀለሙ ይሆን አለኝ። መቀመጫው ሰፍቶባት ይሆን አለኝ። እኔ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ። እሷ ላስቲክ ያየች የሰው ነው ብላ ነው ያደገችው። እሱ ላስቲኩን የሚቀደው ባለቤቱ ነው ብሎ ነው ያረጀው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ጓዳ ውስጥ ራት በሉ።

«ጋሼ፣ ለምን ያንቺ ነው አላልካትም?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ለባለቤቱ ያንተ ነው ተብሎ ይነገራል እንዴ?» አለኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ተይ አለኝ፣ እጄን ሊይዝ ተነሳ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩትና ደወልኩ። አነሳች፤ እትዬ ደህና ነሽ፣ አባዬ ምን ሆነ ብላ ደነገጠች። ምንም አልሆነም፣ ሶፋሽን እያፈረሰ ነው አልኳት። የምን ሶፋ አለች። መቀመጫ የለም ብለሽ ያዘዝሽው ሶፋ አልኳት። በሆድሽ ተኝተሽ እንድታነቢበት ያሰፋው፣ በሹራብሽ ቀለም ያለበሰው፣ ጠረጴዛውን ቅልጥምሽ እንዳይመታ ክብ ያደረገው። መደብደብ ቢቻል ኖሮ በስልኩ ውስጥ እደበድባት ነበር።

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ላስቲክ ነበረበት እኮ እትዬ።»

«አዎ ነበረበት። ማን ይቅደደው? አባትሽን አታውቂውም?»

«ስልኩን ለሱ ስጪልኝ» አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት እጁ ያዘው።

«አባዬ፣ የኔ ነው?»

«አዝዘሽ አልነበር?» አላት።

መሳቋን ይሁን ማልቀሷን ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። እሱም አልቻለም መሰለኝ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ቆይታ ፈቃዷን እንደጨረሰች፣ በቶሎ ሌላ እንደማይሰጧት፣ መቼ እንደምትመጣም እንደማታውቅ ነገረችው። ግድ የለም አላት፣ ይጠብቅሻል፣ አቧራውን እየጠረግኩ አቆይልሻለሁ አላት። አይሆንም አለች። እኔ እስክመጣ አንተ ቀድደህ ቁጭ በልበት አለችው።

«እኔ?»

«ባለቤቷ እኔ አይደለሁ? እኔ ነኝ ያልኩህ። ስልኩን አስጠጋውና ቅደደው፤ ልስማው።»

ሶፋውን አብረን አቃንተን ቦታው ላይ መለስነው። ስልኩን እኔ ያዝኩለት። ላስቲኩን በጣቶቹ ፈልጎ ያዘ። ይሄን ሁሉ ሶፋ ሸፍኖ አንዱንም ቀድዶ አያውቅም እኮ። ቸር አድርጎ ቀደደው። ስልኩ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ሰማን። ሰማሽው ወይ ብሎ ጠየቃት፣ ሰማሁት አለችው። በቃ ተቀመጥ አለችው።

ወደ መቀመጫው ጀርባውን አዞረ፣ ሁለቴ ወደ ኋላው ተመለከተ፣ ተቀመጠ። ሞላው ድምፅ አላሰማም፤ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ከፊቱ ባለ አንዷ ላስቲኳን እንደለበሰች ጉልበቱን ልትነካ ምንም ያህል አልቀራትም። ግድግዳው ላይ ሚስቱ ታየዋለች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ብርሃኑ እሱ እንዳሰበው እግሩ ሥር ድረስ ገብቷል፣ እሱ ግን የሰው ቤት የገባ ይመስላል። ስልኩን መልሼ ሰጠሁት።

«ተመቸህ አባዬ?»

«ተመችቶኛል» አላት።

ውሸቱን ነው። መቀመጫው ለሷ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እሱ መደገፊያው ጋ አይደርስም ነበር። ጫፉ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ የቤቱ ባለቤት እስክትመጣ እንደሚጠብቅ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። በሩን ዘጋሁላቸውና ወደ ስፌት መኪናዬ ሄድኩ፤ የሌላ ሰው የሶፋ ልብስ ተቆርጦ ይጠብቀኝ ነበር፣ ቅዳሜ ስሄድ ክሩንም ከመርፌው አላወጣሁትም ነበር።